ፖለቲካ በሥራ ቦታ፦ ማን ለማን ሲናገር?

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ለአፍታ ከፍ ብሎ ይሰማና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ሰው ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ነው። ከሥራ ባልደረባ ጋር ስለ ፖለቲካ መነጋገር ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ነው ከተባለስ እስከ ምን ድረስ?

“ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ” የሚለውን አባባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ከመከራ የተገኘ አባባል ስለሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ልጠይቃችሁ፦ ቤቱ መብራት ያስገባ ሰው ኮረንቲን እንዴት በሩቁ ይላል? ሽቦው በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የቱ ጋ እንደተላጠ አውቆ ይኖራል እንጂ። እኔም ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው በሥራ ቦታ የተላጠው ሽቦ የቱ ጋ እንደሆነ ነው። መልሴን ሳልደብቅ ከወዲሁ ልናገር፦ ትልቁ አደጋ ባልደረባ ከባልደረባው ጋር ሲከራከር አይደለም የሚመጣው። አደጋው የሌላውን ሰው እንጀራ በእጁ የያዘ ሰው ስለ ፖለቲካ ሲናገር ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

እስቲ ከመሠረቱ እንነሣ። እዚህ በወላይታ ዞን፣ ሶዶ ከተማ፣ ፖለቲካን ከሥራ ቦታ ጨርሶ ማስወጣት ይቻላል? የመንግሥት ደብዳቤዎችን ራስጌ አስታውሱ። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ነበረ፤ ራሱን የቻለ ዞን የሆነው በ1993 ዓ.ም. ነው። ክልሉም እስከ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ይባል ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ሶዶም የአዲሱ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ከሐዋሳ የተነሡ ቢሮዎች በክልሉ ልዩ ልዩ ከተሞች ተደለደሉ። ይህ ሁሉ በዜና ሲነገር የፖለቲካ አደረጃጀት ይባላል። ለአንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ምንድን ነው? ማኅተም መቀየር፣ ፋይል ማዛወር፣ ሐዋሳ የተከራየውን ቤት መልቀቅ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ሌላ ከተማ ማስመዝገብ ነው። ይህ ሰው ከጎኑ ከተቀመጠው ባልደረባው ጋር ስለ ክልል አደረጃጀት እንዳያወራ ከተከለከለ፣ ስለ ገዛ ኑሮው እንዳያወራ ተከለከለ ማለት አይደለም?

ደመወዝስ? በቅርብ ዓመታት በዞናችን መምህራን ደመወዛቸው ዘግይቶባቸው ጥያቄ ማንሣታቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። “ለምን ዘገየ?” ብሎ መጠየቅ የሥራ ጥያቄ ነው ወይስ የፖለቲካ? መልሱ በጀት ውስጥ ነው፤ በጀቱ ደግሞ ምክር ቤት ያጸድቀዋል፣ መዋቅር ይከፋፈለዋል፤ ምክር ቤቱን የሚመርጠው ሕዝብ ነው። እንግዲህ መስመሩን የት ላይ እናስምር? መንግሥት ትልቁ ቀጣሪ በሆነበት ከተማ የሥራ ወሬና የፖለቲካ ወሬ በአንድ ክር የተሰፉ ናቸው። “እዚህ ቢሮ ፖለቲካ አይወራም” የሚል ትእዛዝ ወሬውን አያጠፋውም፤ ከሻይ ክበቡ ጠረጴዛ አንሥቶ ወደ ኮሪደር ሹክሹክታ ይወስደዋል እንጂ። ሹክሹክታ ላይ ደግሞ የሚገናኙት ቀድሞውንም አንድ ዓይነት ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

(ለአፍታ ዝምታ)

አሁን ወደ አንድ የራሳችን ታሪክ ልውሰዳችሁ። በዕድሜ ጠና ያላችሁ አድማጮች “ወጋጎዳ” የሚለውን ቃል ስትሰሙ አንድ ነገር ትዝ ይላችኋል። ለወጣቶቹ ላስረዳ። በሰሜን ኦሞ ዞን ዘመን ባለሥልጣናቱ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀራራቢ ናቸው ብለው አንድ የጋራ የጽሕፈት ቋንቋ እንዲዘጋጅ አደረጉ። ስሙንም ከአራቱ ስሞች መነሻ ቀለማት ገጣጥመው ወጋጎዳ አሉት። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት ታተሙበት። ምክንያታቸው በወረቀት ላይ ሲታይ ሞኝነት አልነበረም፤ አራት ዓይነት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ወጪ ይቆጥባል፣ ቋንቋዎቹም በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። መጻሕፍቱ ወደ ክፍል ሲገቡ ግን በ1992 ዓ.ም. ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች። ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ታሰሩ፤ ከታሰሩትም መካከል መምህራን ነበሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተነሡ። በማግሥቱ ዓመት ወላይታ ለብቻው ዞን ሆነ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ቁስል ለመነካካት አይደለም፤ ከርእሳችን ጋር ስለሚገናኝ ነው። አንድ ሕፃን ቤቱ የሚያውቀውን ቃል መጽሐፉ ውስጥ ሲያጣው መጀመሪያ የሚያስተውለው ማን ነው? ሚኒስትሩ? የዞኑ አስተዳዳሪ? አይደለም፤ ጠመኔ የያዘው መምህር ነው። ያ መምህር በእረፍት ሰዓት ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ “ይህ መጽሐፍ ለልጆቹ አይሆንም” ቢል ፖለቲካ አወራ ይባላል ወይስ ስለ ሥራው ተናገረ? ሁለቱንም ነው ያደረገው። እንዲህ ያለው አስተያየት ከሥር ወደ ላይ በነፃነት መውጣት የሚችልበት አሠራር ቢኖር፣ ስሕተቱ በሙከራ ደረጃ ሳለ ሊታረም ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። የባለሙያ ቃል “ፖለቲካ” የሚል ታርጋ ሲለጠፍበት የሚጎዳው ተናጋሪው ብቻ አይደለም። ውሳኔ ሰጪውም ዓይኑን ያጣል። ከዚያ በኋላ መረጃው የሚደርሰው በአደባባይ ሰልፍ ነው፤ ዋጋውም ከባድ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

“አንተ ዝም ብለህ ታወራለህ፤ የሥራ ቦታ ፖለቲካ ምን እንዳደረገን አታውቅም?” የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። በደርግ ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከታወጀ በኋላ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው የውይይት ክበብ ተቋቋመ። ስሙ ውይይት ነበር። ወዲያው በተከተለው የቀይ ሽብር ጊዜ ግን ሠራተኛው ተሰብስቦ ራሱንም ባልደረባውንም እንዲያጋልጥ ይደረግ ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ ግምገማ መጣ፤ ኋላም አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት። የሥራ ድክመትና የፖለቲካ አቋም በአንድ መድረክ፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ ይመዘኑ ነበር። በዚህ ሁሉ ያለፈ አባት ለልጁ “ዝም አይነቅዝም” ብሎ ቢመክረው ማን ይፈርድበታል?

ግን በደንብ እንየው። በእነዚያ መድረኮች ላይ የነበረው ንግግር ከየት ወደ የት ነበር የሚሄደው? አጀንዳውን የሚያመጣው ከላይ ነው፤ ሰብሳቢው ካድሬ ወይም ኃላፊ ነው፤ መቅረት ያስጠይቃል፤ መዝገብ ይያዛል፤ መጨረሻ ላይ ዕድገት ወይም ቅጣት አለ። ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ቡና እየጠጡ ስለ ምርጫ የሚለዋወጡት ሐሳብ ከዚህ ጋር ምን ያመሳስለዋል? ምንም። እነዚያ መድረኮች ባልደረቦች ፖለቲካ ስላወሩ አይደለም ሰው የጎዱት፤ ሥልጣን በውይይት ስም ስለተናገረ ነው። ስለዚህ ያ ታሪክ “ከባልደረባህ ጋር አታውራ” የሚል ትምህርት አይሰጠንም። የሚሰጠን ትምህርት አለቃውን የሚመለከት ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይኼው ተመለሰ፦ ማን ለማን ሲናገር?

(የሙዚቃ ድልድይ)

አሁን ደግሞ ወዳጅነትን ወደሚመለከተው ተቃውሞ እንለፍ። “ፖለቲካ ከተነሣ ሰው ይጣላል፤ ሥራም ይበላሻል” ይባላል። ይህ ሊሆን እንደሚችል ማንም አይክድም። ሆኖም በሌላው ሚዛን ላይ ያለውንም እንመዝን። ዲያና ሙትስና ጀፍሪ ሞንዳክ የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካውያን ከእነሱ የተለየ የፖለቲካ ሐሳብ የሚሰሙት የት እንደሆነ ፈትሸው ነበር። ከቤተሰብ? ከጎረቤት? ከእምነት ባልንጀራ? ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሥራ ቦታ ነው የበለጠው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጓደኛችንን እንመርጣለን፣ የምንሰማውን ሚዲያ እንመርጣለን፤ ከጎናችን የሚቀመጠውን ባልደረባ ግን የሚመርጥልን ቅጥር ነው።

አሜሪካ ሩቅ ነው፣ የእኛ ኑሮ ይለያል ብትሉ አልከራከርም። ነገር ግን አስተሳሰቡን ወደ ሶዶ አምጡትና ሞክሩት። እሑድ የምንሄድበት ጉባኤ ከእኛ ጋር የሚያምኑ ሰዎች የሚገኙበት ነው። ዕድራችን የሰፈራችን ነው። ስልካችን ላይ ያለው ፌስቡክ ደግሞ የወደድነውን እየመረጠ ያበላናል። በቢሮ ግን ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከኮንሶ፣ ከጌዴኦ የመጣው ባለሙያ ከወላይታው ጋር አንድ ፕሪንተር ይጋራል። የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ልጅ አሳዳጊ፣ በወር መጨረሻ ብር የሚያጥረው፣ ቀልድ የሚያውቅ መደበኛ ሰው መሆኑን በዓይናችን የምናይበት ሌላ ቦታ ብዙ የለንም።

ልዩነት ሲባል ደግሞ የብሔር ልዩነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የወላይታ ዞን ምክር ቤት ዞኑ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የተነሣው ክርክር፣ ብቻችንን ክልል እንሁን ወይስ ከሌሎች ጋር በጋራ እንደራጅ የሚለው፣ በዋነኛነት በወላይታዎች መካከል የነበረ ክርክር ነው። በአንድ ቤት ወንድምና እኅት ተለያይተውበታል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች በጋራ ክልል ስለ መደራጀት ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ለመራጩ የድጋፍና የተቃውሞ ምልክት ሆነው ነጭ እርግብና ጎጆ ቀረቡ። የወላይታው ውጤት ግን በተፈጸሙ ጥሰቶች ምክንያት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ድምፅ ተሰጠ። የምርጫ ጣቢያዎችን ሥራ የሚሠሩት ከመካከላችን የወጡ ሰዎች ናቸው፤ በነጋታው ቢሮ ገብተው ከእኛ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ “ምን ተፈጠረ? ለምን ተሰረዘ?” ብሎ መጠያየቅ ጥል ነው? እኔ እንደሚመስለኝ መጠያየቁ ሲቀር ነው ጥርጣሬ የሚያድገው።

ጎርደን ኦልፖርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች በመገናኘታቸው ብቻ እንደማይቀራረቡ ጽፏል። ግንኙነቱ ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ተባብረው ሲሠሩና ተቋሙም ይህንን ሲደግፍ ነው ይላል። አስተውሉ፤ ሁለት ነርሶች አንድ ታማሚ ለማዳን አብረው ሲያድሩ እኩልነቱም፣ ግቡም፣ ትብብሩም አለ። አንዲት ነርስና የሥራ አፈጻጸም ውጤቷን የሚሞላው ኃላፊዋ ሲነጋገሩ ግን የመጀመሪያው ነገር፣ እኩልነቱ፣ የለም።

(ለአፍታ ዝምታ፤ አቅራቢው ረጋ ብሎ ይቀጥላል)

እንግዲህ ሽቦው የተላጠበት ቦታ ላይ ደርሰናል። አንድ ጤና ጣቢያ አስቡ። የጠዋት ስብሰባ ላይ ኃላፊው ስለ መድኃኒት እጥረት ተናግሮ ሲጨርስ፣ “በነገራችን ላይ እዚህ ያለን ሰዎች ሁላችንም ይህን ውሳኔ እንደምንደግፍ አልጠራጠርም” አለ እንበል። አልተቆጣም፤ አላስፈራራም፤ ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ምን ይላሉ? ያጨበጭባሉ። ከአጨብጫቢዎቹ ስንቱ ከልቡ ነው? ኃላፊው ራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ጭብጨባው የደመወዝ ጭብጨባ ነውና። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ጤና ጣቢያ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው የሥራ ስሕተት ሲገኝበት “ለስሕተቴ ነው ወይስ ለሐሳቤ?” ብሎ ይጠራጠራል፤ ደጋፊው ዕድገት ሲያገኝ ደግሞ ሌሎቹ “ለሥራው ነው ወይስ ለጭብጨባው?” ይላሉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር የመሥሪያ ቤቱን ሚዛን አበላሸች። ስለዚህ ኃላፊ የሆናችሁ አድማጮቼ፣ አክብሬ የምለምናችሁ አለ፤ ከበታቾቻችሁ የፖለቲካ አቋም አትጠይቁ፣ የራሳችሁንም አትጫኑባቸው። የፓርቲ አባል መሆን መብታችሁ ነው። የስብሰባው አዳራሽና የምዘና ቅጹ ግን የፓርቲያችሁ ንብረት አይደሉም።

ሁለተኛው የተላጠ ቦታ የአገልግሎት መስኮት ነው። መታወቂያ ለማደስ ቀበሌ የመጣች እናት፣ ማዳበሪያ የሚጠይቅ ገበሬ፣ የግብር ደረሰኝ የሚጠብቅ ነጋዴ፣ እነዚህ ከባለሙያው ጋር እኩል አይደሉም፤ ጉዳያቸው በእጁ ነው። በመስኮቱ በኩል ስለ ፖለቲካ የሚሰነዘር ቀልድ እንኳ ለባለጉዳይዋ ቀልድ ሆኖ አይሰማትም፤ “ካልሳቅኩ ወረቀቴ ይዘገያል” ትላለች። መምህርና ተማሪም እንዲሁ ናቸው። መምህሩ ስለ ሕገ መንግሥት ማስተማሩ ግዴታው ነው፤ የፓርቲ ምርጫውን መስበኩ ግን ማርክ የሚሰጥ ሰው ስብከት ነው።

ሦስተኛው አዲስ ነው፤ የመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ። ኃላፊውም፣ ጥበቃውም፣ የሰው ሀብቱም በአንድ ግሩፕ አሉ። በሻይ ሰዓት የተባለ ነገር በአየር ላይ ይቀራል፤ የተናጋሪው ፊት፣ ሳቁ፣ “ተሳስቼ ይሆናል” ያለው ሁሉ አብሮ ይሰማል። የተጻፈው ግን ስክሪንሾት ይነሣል፤ ከነፊቱና ከነሳቁ ሳይሆን ባዶውን ይጓዛል። ለስብሰባ ሰዓት ማስታወቂያ የተከፈተ ግሩፕ ለዚያው ይዋል እላለሁ። ክርክር ከፈለጋችሁ ፊት ለፊት።

(አጭር ሙዚቃ)

“ሕጉ ምን ይላል?” ለምትሉ በአጭሩ ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት አመለካከት የመያዝና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 38 ድምፅ በሚስጥር እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ስለዚህ “ማንን መረጥክ?” ብሎ መልስ የማስገደድ ሥልጣን ያለው አለቃ የለም። በግል ድርጅት የምትሠሩ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እወቁት፤ የሠራተኛ የፖለቲካ አመለካከት ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ተጽፏል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዲጠላ፣ መድልዎ እንዲደርስበት ወይም እንዲጠቃ ሆን ብሎ መቀስቀስ በአዋጁ ትርጉም የጥላቻ ንግግር ነው። የመንግሥትን ውሳኔ መተቸት ግን በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። ሁለቱን አታምታቱ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይመጣል። “ወረቀቱ መብት ይሰጣል፤ ኑሮው ግን ሌላ ነው። ጆሮ ጠቢ ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?” ይህን ፍርሃት በአንድ አንቀጽ ቁጥር ልመልሰው አልሞክርም። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. የክልል ጥያቄውን ይመሩ የነበሩ የዞኑ ባለሥልጣናትና ሌሎች ሰዎች ሶዶ ውስጥ ሲታሰሩ፣ በተከተለው ተቃውሞም ሰዎች ሲሞቱ ያየ ሕዝብ “አትፍራ” ቢሉት አይሰማም፤ ባይሰማም አልፈርድበትም። ስለዚህ ማንም ሰው ሐሳቡን የመናገር ግዴታ የለበትም። ዝም ያለ ባልደረባችሁን “አንተስ ከየትኛው ነህ?” ብላችሁ አታፋጥጡት። ያ ጥያቄ፣ ከእኩያ የመጣ ቢሆንም፣ የግምገማ ልጅ ነው። የእኔ ክርክር መናገር የሚፈልገው ሰው እንዲናገር፣ ዝም የሚለውም እንዲከበር ነው።

ሌላም ልደብቃችሁ የማይገባ ነገር አለ። ያቺው ዲያና ሙትስ በዚያው ዓመት ባወጣችው መጽሐፍ፣ ከተቃራኒ ሐሳብ ጋር አዘውትረው የሚገናኙ ሰዎች ይበልጥ ታጋሾች ቢሆኑም፣ በፖለቲካ ተሳትፎ ግን ቀዝቀዝ ያሉ መሆናቸውን አሳይታለች። የሌላውን ወገን ምክንያት የሰማ ሰው መፈክር ለማሰማት አይቸኩልም። ታዲያ ይህ ኪሳራ ነው? ለቅስቀሳ ባለሙያው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ለሶዶ ግን፣ ባለፉት ዓመታት ካየነው አንፃር፣ ትንሽ መቀዝቀዝ አይጎዳንም ባይ ነኝ። በዚህ የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ክርክሩን በደስታ እቀበላለሁ።

አነጋገሩን በተመለከተ ምክር አላበዛም፤ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ። አንዱን ብቻ ላንሣ፦ ስለ ጉዳይ እንጂ ስለ ወገን አናውራ። “የክልሉ ቢሮዎች በብዙ ከተሞች መበተናቸው ባለጉዳይን ያደክማል ወይስ ለከተሞቹ ዕድገት ያመጣል?” የሚለው ሁለት ሰዎች ግማሽ ሰዓት ቢከራከሩበት ሁለቱም የሚማሩበት ጥያቄ ነው። “የእነ እገሌ ሰዎች ምን ጊዜም እንዲህ ናቸው” የሚለው ግን በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ቂሙ ግን እስከ ጊፋታ ዕርቅ ይቆያል። ጊፋታ ሲቃረብ የተጣላ ታርቆ ወደ አዲሱ ዓመት እንዲሻገር የሚያደርግ ባህል ያለን ሰዎች ነን፤ ቢሆንም የዓመት ጥል አከማችቶ መስከረምን መጠበቅ አያስፈልግም።

(ሙዚቃ በጣም ዝቅ ብሎ ይገባል)

የሚቀረኝ አንድ ተቃውሞ ነው። ምናልባትም ከሁሉ ይልቅ የእኛን አገር የሚመስለው እሱ ነው። “ዛሬ እኩያዬ የሆነው ሰው ነገ ቢሾምስ?” በእኛ መሥሪያ ቤቶች ትናንት አጠገባችሁ ተቀምጦ የነበረ ባለሙያ ዛሬ የሥራ ሂደት አስተባባሪ፣ ነገ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሊሆን ይችላል። ያኔ በሻይ ሰዓት የሰማው ሁሉ አብሮት ወደ አዲሱ ወንበር ይሄዳል። ለዚህ የሰው ቅንነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋስትና የሚሆነው አሠራር ነው፦ የምዘናው መስፈርት አስቀድሞ በጽሑፍ የታወቀ ይሁን፣ ውጤት የተሰጠው ሰው ምክንያቱን ይጠይቅ፣ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በስም ብቻ አይኑር። በመሥሪያ ቤታችሁ የቅሬታ ኮሚቴ አባላት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰቡትስ መቼ ነው? ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ይህን ጠይቁና ያገኛችሁትን መልስ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን የምንነሣው ከእናንተ መልስ ነው።

እስከዚያው ሰላም ሰንብቱ።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ይዘጋል)